ብረቱ እስኪነሳ

ፖርትናሹል፣ የቅድስት ብሪጂድ በዓል ማግስት

እህቴ ዩና፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መልሱ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። በስልክ እንዳናወራ ጆሮሽ ደክሟል፤ በደብዳቤ እንዳናወራ ደግሞ የኔ እጅ ከመቅዘፊያ ሌላ እንጨት መያዝ አይወድም። ባለቤቴ ኑአላ በሕይወት ሳለች ይህን ሥራ ለሁለታችንም ትሠራልን ነበር። ነፍሷን ይማር።

የጠየቅሽኝን አንብቤያለሁ። የሱቁን ቤት ልግዛ ብሎ የጻፈልሽ የደብሊን ሰው እዚህም መጥቶ ነበር። ተከራይሽ ሶርካ ሱቁ ውስጥ ቆማ ዳቦ ስትደረድር በመስኮት አጮልቆ አየና "ፀጥታው ደስ ይላል" አለኝ። ፀጥታው! ቤቱን ገዝቶ በበጋ ጥቂት ሳምንት ሊተኛበት ነው፤ የቀረውን ዓመት መጋረጃው ይተኛበታል። ልሽጥ ወይስ አልሽጥ ብለሻል። አባትሽ ለአንቺ የተወው ቤት ነው፤ እኔን ምን አግብቶኝ።

ብቻ ነገሩን እንድታውቂው ልንገርሽ። ሶርካ ኪራይሽን አጓድላ አታውቅም፤ የምታጓድልበት ቀን ግን ሩቅ አይደለም። ባለፈው መከር ምክር ቤቱ የወደቡ መግቢያ ላይ ሁለት ምሰሶ አቁሞ ከላይ አግዳሚ ብረት ሰቀለበት። ከትንሽ መኪና በላይ ቁመት ያለው አያልፍም። እነዚያ አልጋና ምድጃ በሆዳቸው ይዘው የሚዞሩት መኪኖች፣ እኛ ቤት-መኪና የምንላቸው፣ ድሮ ከጀልባዎቹ ጎን ቆመው ያድሩ ነበር። ማታ ፓኪ ጋ ጥቁር ቢራ ይጠጣሉ፣ ጠዋት ከሶርካ ዳቦና ቅቤ ይገዛሉ። አሁን ይመጣሉ፣ ብረቱን ያያሉ፣ ዞረው ወደሚቀጥለው መንደር፣ ወደ ዱንላሃን፣ ይሄዳሉ። ምክር ቤቱ ወደባችሁ ንጹሕ ሆኗል ይላል። መቃብርም ንጹሕ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴ አቁመናል፤ እኔ፣ ሶርካና የመጠጥ ቤቱ ፓኪ። ብረቱ ይነሳ፣ መኪኖቹ ማደር ይፈቀድላቸው፣ ውሃ የሚቀዱበት ቧንቧና የሽንት ቤታቸውን ጣሳ የሚደፉበት ቦታ ይሠራልን እያልን ነው። ይህ ከሆነ ሱቁ ይኖራል። ካልሆነ የደብሊኑ ሰው ባይገዛውም በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

ዝናቡ አላባራም። በጎቹ ደህና ናቸው።

ወንድምሽ ኮንዲ


ግላስጎው፣ ማርች 9

ወንድሜ ኮንዲ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ በጎቹም ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። ስለ እነሱ ከጠየቅሁህ በላይ ነገርከኝ፤ ስለ ጠየቅሁህ ግን ምንም።

እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ገበያ ወጥቼ ስመለስ ከረጢቴን እታች ትቼ ወጥቼ አርፋለሁ፤ ከዚያ ወርጄ ግማሹን አመጣለሁ፤ ቀሪውን የሰፈሩ ልጆች ካልሰረቁት በሌላ ቀን። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ቀረሁ። መውረዱን ችዬው ነበር፤ መውጣቱን ሳስብ እግሬ ታሰረ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ምድር ቤት ላይ ደጇ መንገድ የሆነ ትንሽ ቤት አግኝቻለሁ። የሱቁ ቤት ካልተሸጠ እሷን አላገኛትም።

ግን እኔም እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ኑአላና እኔ ባንኮኒው ሥር ተደብቀን ስኳር እንልስ ነበር። እናንተ ያለ ሱቅ እንድትቀሩ አልፈልግም። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅህ፤ አትሽጪ በለኝና አልሸጥም። ሁለት ቃል ናት። ደረጃውን እንደምንም እችለዋለሁ። የደብሊኑ ሰው እስከ በጋው አጋማሽ መልስ ይጠብቃል።

ስለ መኪኖቹ ትግልህ እግዚአብሔር ይርዳህ። አንተና ኮሚቴ! ኑአላ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር፤ ቀድማ ባትሞት።

እህትህ ዩና


ፖርትናሹል፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ

እህቴ ዩና፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ጉልበትሽን በበግ ስብ አሽው፤ አባቴ በዚያ ነው የዳነው።

ትግሉ እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ሰውነቴ ዝሏል፤ ግን እየሄድን ነው። ደጅ ለደጅ ዞረን ፊርማ ሰብስበናል። ሰው ሁሉ ይፈርማል፤ ሻይ ሳይጠጡ ግን መውጣት የለም። በቀን አራት ቤት ከገባሁ ሆዴ እንደ በርሜል ይንቦጫቦጫል። ትናንት የጡረተኛውን መምህር የፊሊምን በር አንኳኳሁ። አዲሱን ቤቱን ወደቡ አናት ላይ የሠራው እሱ ነው፤ ብረቱ ይሰቀል ብሎ ለምክር ቤቱ የጻፈውም እሱ።

"ኮንዲ፣ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የጀርመን የውስጥ ሱሪ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ማየት አልፈልግም" አለኝ።

"ታዲያ አትክፈተው፣ መምህር፤ ብርድ ነው።"

"አንተ ፊርማ የምትሰበስበው መፈረም የት ተምረህ ነው?"

"አንተ ክፍል፤ ለዚህ ነው የማልችለው።"

ሳቀ። አልፈረመም፤ ግን እስከ በሩ ሸኘኝ። "ሶርካ ዳቦ ካቆመች እኔም ዱንላሃን ድረስ ልነዳ ነው" ብሎ አጉረመረመ። ዘንድሮ ዓይኑ ደክሟል፤ መንዳቱን እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የፈረንሳይ ቤት-መኪና ብረቱ ሥር ቆመ። ባልየው ወርዶ ብረቱን አየ፣ የመኪናውን ጣሪያ አየ፣ ሚስቱን አየ። ሶርካ ከሱቁ ወጥታ እጇን ብታውለበልብላቸው ሰላምታ መስሏቸው መልሰው አውለብልበው ሄዱ። እሷም ቆማ ቀረች። ያን ዕለት የዳቦ ጫኙ ሰው "ከእንግዲህ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የምመጣው" ብሏት ነበር።

መልካሙ ወሬ፣ ምክር ቤቱ መሐንዲስ ሊልክልን ነው። ሆላንዳዊት ናት አሉ፤ እዚህ አግብታ የቀረች።

አትሽጪ በለኝ ያልሽውን አየሁት። እህቴ፣ ሰው በሰው ንብረት ላይ እንዴት እንዲህ ይላል? የወደድሽውን አድርጊ። ስለኛ አትጨነቂ፤ እኛ እንደምንም እንሆናለን።

ወንድምሽ ኮንዲ


ፖርትናሹል፣ በሰኔ፣ ከቅዱስ ዮሐንስ ደመራ በኋላ

እህቴ ዩና፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። የበግ ፀጉር ሸለታ ላይ ነበርን፤ ወገቤም እንደ ብረቱ አግድም ቀርቶ ነበር። ይቅርታሽን።

መሐንዲሷ መጣች ወይ ብለሻል። መጥታለች። ስሟ ማራይከ ነው፤ ረጅም ሴት ናት፣ ዝናቡን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ወደቡን በእርምጃ ለካች፣ ጎንበስ ብላ የፍሳሹን ክዳን ከፈተች፣ ብረቱን በጡጫ መታ አደረገችው። ከዚያ ሱቁ ገባን።

"ሻይ ላምጣልሽ?" አልኳት።

"አዎ፣ ወተት ያለበት" አለችኝ።

በመጀመሪያው! ገና ወንበር ሳትይዝ! ሶርካ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ኬክስ?" አለቻት። "ሁለት ቁራጭ" አለች ሴትዮዋ። ክፉ ሴት አይደለችም። አስተዳደግ ነው።

ስለ ቧንቧውና ስለ መድፊያውም አነሳች። እኔም እንደ ወጉ መለስኩላት። ጻፈችው። ተጨባብጠን ተለያየን። ነገሩ ጥሩ ይመስለኛል፤ በቅርቡ ተመልሳ ትጠይቀን ይሆናል። ሶርካ "ለምን ዝም አልክ?" ትለኛለች። ዝም አላልኩም። ለምን እንዲህ እንደምትል አላውቅም፤ ሰሞኑን ድካም አለባት።

ስለ ቤቱ እንደገና መጠየቅሽን አይቻለሁ። የልብሽን አድርጊ ብያለሁ፣ ዩና። እኔ ላይ አትንጠልጠይ።

በደመራው ዕለት እሳቱ በዝናብ አልነድ ብሎ ፓኪ ናፍጣ ደፋበት፤ ቅንድቡ ተቃጠለ። ያልሳቀ ሰው የለም።

ወንድምሽ ኮንዲ


ግላስጎው፣ ጁላይ 21

ኮንዲ፣

ሶርካ ጽፋልኛለች። ስለዚህ ስለ ፓኪ ቅንድብ ባትነግረኝም ይቻል ነበር።

ቧንቧውና መድፊያው ዱንላሃን እየተሠራ እንደሆነ ታውቃለህ። ምክንያቱንም ታውቃለህ። ሴትዮዋ "ዘንድሮ ለአንድ መንደር የሚሆን አለኝ፤ ለእናንተ ላድርገው?" ብላ ጠየቀችህ። አንተ "አይ፣ ስለኛ ብለሽ አትቸገሪ፤ ብዙ ሥራ አለብሽ" አልካት። ፓኪም "እውነቱን ነው፣ አትቸገሪ" አለ። ሶርካም ሴትዮዋ "በሞቴ" እስክትል፣ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀች ቆመች። ሴትዮዋ ግን አመስግናችሁ "አልፈለጉም" ብላ ጻፈችና በማግስቱ ዱንላሃን ሄደች። እዚያ የተቀበላት የሆቴሉ ባለቤት እንግሊዛዊ ነው፤ በመጀመሪያው "አዎ" አላት።

አልስቅም፣ ኮንዲ። ግላስጎው በመጣሁ ሰሞን ያከራየችኝ ሴት "እራት ትበያለሽ?" አለችኝ። "አይ፣ አትቸገሪ" አልኳት። "እሺ" ብላ ድስቱን ከደነችው። ግድግዳው ሳስቶ ሲበሉ የማንኪያቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ "አዎ" ማለት ተማርኩ። አንተ ግን ከዚያ ወደብ ወጥተህ አታውቅም።

አሁን የኔን ስማ። እኔ ወጉን ጠብቄልሃለሁ። አንዴ ጠየቅሁህ፣ ሁለቴ ጠየቅሁህ፣ ሦስቴ ጠየቅሁህ። ሦስቴም "ያንቺ ነው፣ የወደድሽውን አድርጊ" አልከኝ። ከዚህ በላይ የሚለመን ቅዱስ ብቻ ነው። ስለ ጉልበቴ የጻፍክልኝ ደግሞ የበግ ስብ ነው።

ቤቱን ሸጥኩት። ሰኞ ፈረምኩ። ሶርካ እስከ መስከረም ማለቂያ ትቆያለች፤ ለሷም ጽፌላታለሁ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ነው የጻፍኩት።

ዩና


ፖርትናሹል፣ የእመቤታችን ዕርገት ዕለት

ዩና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ቤቱ ምንም አልልም።

ወደ ምክር ቤቱ ሄጃለሁ ወይ ብለሽ በኋላ በላክሽው ካርድ ለጠየቅሽው፣ ሄጃለሁ። የሄድኩት ግን ወድጄ አይደለም። ሶርካ አታናግረኝም። ሱቅ ስገባ ዳቦዬን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና ወደ ጓዳ ትገባለች። ፓኪ ያናግረኛል፤ እሱ ባያናግረኝ ይሻል ነበር። "ኮንዲ፣ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለህ?" ይለኛል፤ አፌን ሳልከፍት "እሺ፣ አልፈለገም!" ብሎ ለቤቱ ሁሉ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ይንከተከታል። እሱም "አትቸገሪ" ማለቱን ግን ማንም አያነሳበትም።

እኔ ምን ልበል ኖሯል? ሰው ገና አፉን ሲከፍት "አዎ፣ አምጪ" ልበል፣ እንደ ውሻ? እናቴ እንዲህ አድርጌ ብታየኝ በማማሰያ ትለኝ ነበር። ይህን እያልኩ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። በመጨረሻ የቀብር ልብሴን ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መሐንዲሷ አወቀችኝ። ወንበር ሰጠችኝ።

"ከፈለጋችሁ ለምን አንፈልግም አላችሁኝ?" አለች። ቁጣ የለባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

"አንፈልግም አላልንም። አትቸገሪ ነው ያልነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ዩና፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። 

"አትቸገሪ የሚል ሰው ደጋግመው እስኪለምኑት ይጠብቃል" አልኳት በመጨረሻ።

"ማን ነው የሚለምነው?"

"የሚሰጠው ሰው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ኖሬያለሁ" አለች፤ "የባሌ እናት ለምን እንደምትጠላኝ አሁን ገባኝ።"

ከዚያ "አሁን ምን ይፈልጋሉ?" አለችኝ። ወለሉን አየሁ። ወለሉ ምንም አልነገረኝም። "ብረቱ እንዲነሳ እፈልጋለሁ" አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

የዘንድሮው ቧንቧና መድፊያ ለዱንላሃን አልፏል። ግን ከመንደሩ ሰው ራሱ ውሃ የሚሰጥ፣ የጣሳውን ፍሳሽ የሚቀበል ጉድጓድ ያለው፣ በየቀኑ ቦታውን የሚያጥብ ካለ ብረቱን ላነሳውና ማደሩን ልፈቅድ እችላለሁ አለች። ለወደቡ ቅርብ የሆነ ትልቅ ጉድጓድ ያለው የሱቁ ጓሮ ነው፤ ቀጥሎ የኔ።

"የማን ስም ልጻፍ?" አለችኝ።

የኔን አልኳት።

ኮንዲ


ፖርትናሹል፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ

እህቴ ዩና፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ስለ ስብ አላወራልሽም፤ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ። አዲሱ ቤት ገብተሻል ሲሉ ሰማሁ። ይሞቃል? መኝታሽ በየት በኩል ነው? ቅዳሴ ቀርተሽ ከነበረ አሁን ትሄጃለሽ? ከረጢቱን ማን ይይዝልሻል? ኑአላ ከግላስጎው ስትመለስ "ያ ደረጃ እሷን ይገላታል" ትለኝ ነበር። እኔ መስማቴን አስታውሳለሁ፤ ምን እንደመለስኩላት ግን አላስታውስም።

ብረቱ ተነስቷል። ሁለት ሠራተኞች መጥተው፣ ሻይ ሳልጥድላቸው፣ ፈትተው ጭነውት ሄዱ። ያን ያህል የለፋሁበት ነገር አራት ብሎን ኖሯል። ሰው ይወጣል ብዬ ነበር፤ ዝናብ ስለነበረ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ነበርን።

የመጀመሪያዎቹ ያደሩት ኦስትሪያውያን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወቅቱ ቢያልፍም አንድም ሁለትም ሳያድር የቀረበት ቀን ጥቂት ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ቦት ጫማዬን አጥልቄ ጓሮዬን በጎማ አጥባለሁ። ጣሳቸውን ይዘው እንደ መስዋዕት በሁለት እጃቸው ይመጣሉ፤ እኔም ክዳኑን እከፍትላቸዋለሁ። ፊሊም ከአጥሩ በላይ አይቶኝ "ኮንዲ፣ ማዕረግህ ከፍ ብሏል!" አለኝ።

"አዎ፣ መምህር። አንተ ጂኦግራፊ አስተማርክ፤ እኔ ከየአገሩ ይመጣልኛል።"

ፓኪ ምድጃውን እሑድ ብቻ ያነድድ ነበር፤ አሁን ሐሙስም ያነድዳል። ሽታውንም ሥራውንም ተላምጄዋለሁ። ማታ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ስለ ሱቁ ጠይቀሽኛል፤ ባልፈልግም ልንገርሽ። ተዘግቷል። ሶርካ በመጨረሻው ቀን መደርደሪያውን ሁሉ ወልውላ፣ ቁልፉን ለጠበቃው ሰጥታ ወጣች። የደብሊኑ ሰው ግራጫ መጋረጃ ሰቅሏል። እስካሁን አላደረበትም። ለትንሽ ጊዜ ማታ ማታ በዚያ ማለፍ ትቼ በባሕሩ ዳር እዞር ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጓሮዬን ሳጥብ ጥሩምባ ሰማሁ። ሶርካ ናት፤ ያን በሳምንት ሁለቴ ይመጣ የነበረውን የዳቦ ጫኝ አሮጌ መኪና ገዝታዋለች። ጎኑን ከፍታ መደርደሪያ አድርጋበታለች፤ ወደቡ ላይ ከቤት-መኪኖቹ መሐል ትቆማለች። ብረቱ ቢኖር እሷም አታልፍም ነበር። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ፖስታ ሳይቀር ትሸጣለች። ከዚያም ወደ ኮረብታው ሰፈር ትነዳለች፤ ፊሊም ደጁ ላይ ሳንቲሙን በመዳፉ ይዞ ይጠብቃታል። ቀን ሙሉ መሪ ላይ ናት፤ ክረምቱ ገና ነው፤ እንዴት እንደምትችለው አላውቅም። እስካሁን ከ"ደህና አደርክ" በላይ አላወራችኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዳቦውን በእጄ ሰጠችኝ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳመጡልሽ ሰዎች ልምጣ። ትናንት ማታ እዚህ ያደሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከግላስጎው ናቸው፤ ዛሬ በመርከብ ይሻገራሉ። ጠዋት ጣሳቸውን ይዘው ሲመጡ የመኖሪያ ሰፈራቸውን ጠየቅኋቸው። ካንቺ ሩቅ አይደለም። "የሚስቴ እህት እዚያ አለች፤ ደብዳቤና ዳቦ እንድታደርሱልኝ እፈልጋለሁ" አልኳቸው። እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። "በደስታ" አሉ። ይህን የምጽፈው እነሱ ውሃቸውን እስኪቀዱ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌን አትይብኝ።

ዳቦው የሶርካ ነው። ለማን እንደሆነ ስነግራት ገንዘብ አልተቀበለችኝም፤ ከሥሩ የታሸገውን ቅቤ ያስገባችውም እሷ ናት፤ እኔ አላልኳትም።

ደወሉን ደውለው ዝም ካልሽ እንዳይሄዱ ጆሮሽን ነግሬያቸዋለሁ። መስኮትሽን ያንኳኩልሻል። አሁን ከመንገድ ላይ ይደረሳል።

ወንድምሽ ኮንዲ